ለአማት የሚሄድ አምኃ

በግእዝ አምኃ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ሰላምታ ነው፤ ሁለተኛው ከሰላምታው ጋር በእጅ የሚቀርበው ስጦታ ነው። ሰብአ ሰገል በቤተ ልሔም ለተወለደው ሕፃን ያቀረቡት ወርቅና ዕጣን ከርቤም በግእዙ ወንጌል በዚሁ ስም ተጠርቷል። አማርኛውም ከዚህ አልራቀም፤ እጅ መንሻ ሲል እጅ የሚነሣበትን፥ ማለት ሰላምታ የሚሰጥበትን ነገር ይናገራል፤ ገጸ በረከት ሲልም የሚቀርበው ዕቃ ብዙም ይሁን ጥቂት በረከት ብሎ ይጠራዋል። ያዕቆብ ወንድሙን ዔሳውን ባገኘው ጊዜ ያቀረበለትን መንጋ በረከት ብሎ መጥራቱ ከዚህ ጋር ይስማማል። እንግዲህ በቋንቋው ሥርዓት ሰላምታው ይቀድማል፥ ዕቃው ይከተላል።

ይህ ቅደም ተከተል የታወቀ ቢመስልም በተግባር ሲፈተን የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ይልቁንም የሚጠፋው በዓል በደረሰ ጊዜ ምራት ለአማቷ ምን ይዛ ትሂድ በሚባልበት ሰዓት ነው። ክፉ አማት ያለቻት ምራት ነገሩ ይቀላታል፤ ልማድ የሚያዝዘውን አድርሳ ትመለሳለች። ለጋስ አማት ያለቻት ግን ትጨነቃለች። በአራስነቷ ጊዜ ቅቤውንና ገንፎውን ያቀረበችላት፥ ጎጆ ስትወጣ ምጣዱንና እንስራውን ከራሷ ማጀት አንሥታ የሰጠቻት፥ ልጅ ሲታመም ሌሊቱን ተቀምጣ ያነጋች ሴት በምን ትመሰገናለች? የቤቱ ገቢ ጥቂት የሆነ እንደ ሆነ ጭንቀቱ ወደ ኀፍረት ይደርሳል፤ ኀፍረቱም አንዳንዱን ቤት ወደ ብድር ይወስዳል፥ አንዳንዱንም ምራት በበዓሉ ቀን ከአማቷ ደጅ ያስቀራል። በተረትና በዘፈን አማት አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሆና ስለምትነገር ይህ የለጋሲቱ አማት ነገር ጸሐፊ ያጣ ይመስላል። ዳሩ ግን ቅዱስ መጽሐፍ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሰጥቶታል፤ ታሪኩም የሆነባት ከተማ ራሷ የልደት ከተማ ቤተ ልሔም ናት።

መጽሐፈ ሩት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከስምንቱ ብሔረ ኦሪት መጨረሻው ነው፤ ከመጽሐፈ መሳፍንት ቀጥሎ ይገኛል። ምዕራፉ አራት ብቻ ነው። በመሳፍንት ዘመን በቤተ ልሔም ራብ ሆነና አቤሜሌክ የተባለ ሰው ሚስቱን ኑኃሚንንና ሁለቱን ልጆቹን መሐሎንና ኬሌዎንን ይዞ ወደ ሞዓብ ተሰደደ። ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው፤ የእንጀራ ቤት እንጀራ አጥቶ መሰደዱን ባለ ቅኔ ቢያገኘው ዝም ብሎ አያልፈውም። በሞዓብም አባት ሞተ፤ ልጆቹ የሞዓብን ሴቶች ዖርፋንና ሩትን አገቡ፤ አሥር ዓመት ያህል ከተቀመጡ በኋላ ልጆቹም ሞቱ። በአንድ ቤት ሦስት ባልቴቶች ቀሩ።

የኑኃሚን ለጋስነት የተገለጠው በዚህ ጊዜ ነው፤ በእጇ አንዳች ሳይኖራት ነው። እግዚአብሔር በአገሯ ሕዝቡን እንደ ጎበኘና እንጀራ እንደ ሰጠ ሰምታ ስትመለስ ሁለቱን ምራቶቿን ወደ እናቶቻቸው ቤት እንዲመለሱ፥ እንደ ገና እንዲያገቡ ነገረቻቸው፤ መረቀቻቸውም። አረጋዊት፥ ባል የሌላት፥ ልጅ የሌላት ሴት በመንገድ ላይ የሚደግፏትን ሁለት ወጣቶች በፈቃዷ ልቀቁኝ ስትል የሰጠችው ስጦታ ምን ያህል እንደ ሆነ ያስተውሏል። ስለ እነርሱም እጅግ እንደምታዝን የተናገረችው የራሷ ኀዘን ሳያንስ ነው። ዖርፋ ስማ ተመለሰች፤ ይህን ያደረገችው የአማቷን ቃል ሰምታ ስለ ሆነ አንዳንድ ሰባኪ እንደሚያደርገው መውቀስ ተገቢ አይደለም። ሩት ግን ተጠግታ ቀረች።

ቤተ ልሔም በደረሱ ጊዜ የከተማይቱ ሴቶች ይህች ኑኃሚን ናትን እያሉ ተንጫጩ። እርስዋም ስሟን ለወጠችው፤ ኑኃሚን ማለት ደስ የምታሰኝ ማለት ነውና ማራ፥ ማለት መራራ ብለው እንዲጠሯት ለመነች፤ በሙላት ወጥታ ባዶዋን እንደ ተመለሰችም ተናገረች። ይህ ባዶ የሚለው ቃል ሊታለፍ አይገባውም። በዕብራይስጡ ሬቃም ይባላል። ያዕቆብ ከአማቱ ከላባ ጋር በተከራከረ ጊዜ፥ የአባቶቹ አምላክ ባይረዳው ኖሮ ላባ ባዶውን ይሰደው እንደ ነበረ የተናገረው በዚሁ ቃል ነው። በበዓላት ቀን ማንም በእግዚአብሔር ፊት ባዶ እጁን እንዳይታይ ሕጉ ያዘዘውም በዚሁ ቃል ነው። ኑኃሚን ይህን ስትል ሩት በአጠገቧ ቆማ ትሰማ ነበር። አብራት አገሯን ጥላ የመጣችው ምራት እንደ አንዳች ሳትቆጠር ባዶ ነኝ ተብሎ ሲነገር መስማቷ የሚያሳዝን ነው፤ ነገር ግን ሩት በዚያ ቀን አልመለሰችም። የመለሰችው ከጥቂት ቀን በኋላ በገብስ ነው።

ጊዜው የገብስ አጨዳ መጀመሪያ ነበረ። የሙሴ ሕግ ባለ እርሻው የእርሻውን ዳርቻ ጨርሶ እንዳያጭድ፥ የወደቀውንም ዛላ እንዳይለቅም፥ ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተውለት ያዝዛል፤ በኦሪት ዘዳግምም የተረሳ ነዶ ቢኖር ባለቤቱ ሊወስደው ተመልሶ እንዳይሄድ፥ ለመጻተኛ ለድሃ አደግና ለመበለት እንዲሆን ተጽፏል። ሩት መጻተኛም መበለትም ስለ ነበረች በሁለት ወገን ሕጉ ይጠብቃት ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው በኦሪት ዘዳግም ሞዓባዊ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ የሚል ቃል አለና፥ ሞዓባዊት ሴት በአይሁድ እርሻ መካከል ስትቃርም ዐይን ሁሉ ይከተላት እንደ ነበረ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም። ቃርሚያ በኢትዮጵያም ገበሬ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ክብር ያለው ሥራ ተብሎ ግን አይቆጠርም።

ቦዔዝ የተባለው ባለ እርሻ፥ የአቤሜሌክ ዘመድ፥ ስለ እርስዋ ጠይቆ ተረዳ፤ ለአማቷ ያደረገችውን ሁሉ ሰምቶ ነበርና አከበራት። እርሱም ቢሆን በወንጌላዊው በማቴዎስ የትውልድ ቍጥር ከኢያሪኮይቱ ከራኬብ የተወለደ ነው፤ የባዕድ አገር ሴት በእስራኤል ቤት ምን እንደሚያገኛት ከእናቱ የሰማው ሳይኖር አይቀርም። በምሳ ጊዜም ከአጫጆቹ አጠገብ አስቀመጣት፤ የተጠበሰ እሸት ሰጣት፤ በላች፥ ጠገበች፥ ተረፋትም።

ከዚህ በኋላ እስከ ማታ ቃረመች፤ የቃረመችውንም ወቃችው፤ አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ገብስ ሆነ። ኢፍ በዛሬው ልክ ስንት እንደ ሆነ የመስፈሪያ ተመራማሪዎች ግምት ይለያያል፤ ብዙዎቹ ወደ 22 ሊትር ያደርሱታል። ይህ ለአንድ ቀን ቃርሚያ ብዙ ነው፤ ቦዔዝ አጫጆቹን ከነዶው እያወጡ እንዲጥሉላት አዝዞ ነበርና። ዋጋው ግን ከፍ ያለ አልነበረም። በመጽሐፈ ነገሥት ስለ ሰማርያ ከበባ በተጻፈው ታሪክ አንድ መስፈሪያ መልካም ዱቄትና ሁለት መስፈሪያ ገብስ በእኩል ዋጋ፥ በአንድ አንድ ሰቅል እንደሚሸጥ ተነግሯል፤ ገብስ የዱቄቱን ግማሽ ብቻ ያወጣ ነበር ማለት ነው። በጌታችንም ዘመን ብላቴናው የያዘው አምስቱ እንጀራ የገብስ ነበረ፤ ገብስ የድሃ እህል ሆኖ መኖሩን ከዚህ ማየት ይቻላል።

ሩት ይህን ተሸክማ ወደ አማቷ ገባች። መጽሐፉ በዚህ ስፍራ ሁለት ነገር ለይቶ ይናገራል። አማቷ ገብሱን አየች፤ ሩትም በምሳዋ ጠግባ የተረፋትን አውጥታ ሰጠቻት። ገብሱ የጉልበት ፍሬ ነው፤ ይፈተጋል፥ ይፈጫል፥ ይቦካል፥ ይጋገራል፤ ለዚያች ማታ አይደርስም። እሸቱ ግን የተጠበሰ ነበረ፤ ኑኃሚን ወዲያው ልትበላው ትችል ነበር። ቀኑን ሙሉ በቤት ተቀምጣ የዋለችው አረጋዊት ምን በልታ እንደ ዋለች ሩት በእርሻው መካከል ሳለች አስባ ነበር ማለት ነው፤ ጠግባ ሳለች የተራበችውን አልረሳችም። በገበያ ቢሸጥ ምንም የማያወጣ አንድ እፍኝ እሸት ከኢፉ ገብስ ተለይቶ በመጽሐፍ መጻፉ ያለ ምክንያት አይደለም። ኑኃሚንም የባለ እርሻውን ስም ገና ሳትሰማ መረቀችው፤ ያ ማራ ተብሎ የተጠራው አንደበት ከተመለሰች ወዲህ በደስታ ሲናገር የተሰማው መጀመሪያ በዚያች ማታ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። አማቲቱ በተራዋ ስለ ምራቷ ዕረፍት አሰበች፥ መከረቻት፥ ወደ አውድማው ላከቻት። ቦዔዝም በማለዳ ሲያሰናብታት ስድስት መስፈሪያ ገብስ በልብሷ ሰፍሮ አሸከማትና ወደ አማቷ ባዶ እጇን እንዳትሄድ ነገራት። ቃሉ ያው ሬቃም የሚለው ቃል ነው። ኑኃሚን በከተማው በር የተናገረችውን ሰው በአውድማ መለሰው፤ የተሸከመችውም ይህችው ባዶ ሲባል አጠገብ ቆማ የሰማችው ምራት ናት። የመስፈሪያው ስም በዕብራይስጡ ስላልተጻፈ መጠኑ አከራካሪ ሆኖ ኖሯል፤ ኢፍ ቢሆን ኖሮ ስድስቱን አንዲት ሴት ልትሸከመው አይቻላትም ነበር።

የአማት ነገር በአዲስ ኪዳንም በአጭሩ ይገኛል፤ የስምዖን ጴጥሮስ አማት በንዳድ ታማ ተኝታ ሳለች ጌታ እጇን ይዞ አስነሣት፥ ወዲያውም ተነሥታ አገለገለቻቸው። እንዲህ ያለች አማት ስትነሣ ወደ ማጀት መግባቷ በየአገሩ አንድ ነው።

ከቤተ ልሔም ወደ ሮም ሲታለፍ ስጦታ ሌላ መልክ ይዞ ይገኛል። ሮማውያን በታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ ሳቱርናልያ የሚባል በዓል፥ በጃንዋሪም መባቻ ካሌንዴ የሚባል የዓመት መለወጫ በዓል ነበራቸው፤ በሁለቱም ስጦታ ይለዋወጡ ነበር። ጥንት በለስና ማር የመሰለ ቀላል ነገር ነበረ፤ በኋላ ገንዘብ ሆነ። ከ14 እስከ 37 ዓ.ም. የነገሠው ጢባርዮስ ቄሣር ለሚያመጡለት አራት እጥፍ እየመለሰ ሲሰጥ ወሩን ሙሉ ሰው አላስቀምጥ ቢለው፥ ከመባቻው ቀን በኋላ የዓመት መለወጫ ስጦታ መለዋወጥን እንደ ከለከለ ስዌጦንዮስ ጽፏል። ቄሣሩ የተቸገረው በብዛቱ ነው፤ ድሃው የተቸገረው ግን በግዴታው ነበር። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጻፈው ማክሮብዮስ እንደሚተርከው፥ ባለጠጎች በበዓሉ ስም ከሥራቸው ካሉት ድሆች ስጦታ በስስት ይጠይቁ ስለ ነበር ፑብሊክዮስ የሚባል የሕዝብ ሹም ወደ ባለጠጋ ቤት ከሰም ሻማ በቀር ሌላ እንዳይላክ ሕግ አስወሰነ። ሻማ ማንም ሊገዛው የሚችለው ነገር ነበርና ማንም በሻማ አያፍርም፤ በሻማ የሚበልጥም የለም። አረመኔ ሹም ያወጣው ሕግ ቢሆንም ለድሃ ፊት ያሰበ ሕግ እንደ ሆነ መመስከር ይገባል።

ክርስትና ከተስፋፋ በኋላም የካሌንዴው ስጦታ አልቀረም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ሳለ ይህን በዓል የሚገሥጽ ስብከት ሰብኳል። ከሁሉ ይልቅ የስጦታውን ነገር ገልጦ የተናገረው ግን በጳንጦስ ምድር የአማስያ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አስቴርዮስ ነው። በ400 ዓ.ም. የጃንዋሪ መባቻ በሰበከው ስብከት የስጦታን ጉዞ አንድ በአንድ ይከተላል። ሁሉም ይሰጣል ግን ሁሉም ያዝናል፤ ሰጪው ከእጁ ስለ ወጣ ያዝናል፥ ተቀባዩም ለሚበልጠው ሊያሳልፈው ስለሚገደድ አይደሰትበትም፤ የተሰጠው ነገር ከታችኛው ወደ በላይኛው እየወጣ ይሄዳል እንጂ ወደ ችግረኛው አይወርድም። ሕፃናትም በብር የተሸለመ ፍሬ ይዘው በየቤቱ እየዞሩ የሰጡትን እጥፍ ይቀበሉ ስለ ነበር፥ ገና በልጅነታቸው ትርፍ መቍጠር እንደሚማሩ አስቴርዮስ ያዝናል። ከገጠር ወደ ከተማ የወጣው ገበሬም በዚያ ቀን እየተሰደበና እየተደበደበ ይዘረፋል ይላል። ስጦታን ጨርሶ የሚጠላ ሰው አልነበረም፤ የጠላው የሚያስለቅሰውን ስጦታ ነው። ይህ ስብከት ከ1600 ዓመት በላይ ቢሆነውም ዛሬ በበዓል ዋዜማ በከተማ ገበያ ለቆመ ሰው አዲስ ሆኖ ይሰማል።

ስጦታ ከልደት በዓል ጋር የተጋጠመው ሰብአ ሰገልን ምክንያት በማድረግ ነው ይባላል። ወርቁ ለመንግሥቱ፥ ዕጣኑ ለክህነቱ፥ ከርቤው ለሞቱ ምሳሌ መሆኑን ሊቃውንቱ ተርጕመውታልና በዚህ መቆየት አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሌላው ስጦታ ነው። እመቤታችን በ40ኛው ቀን ሕፃኑን ይዛ ወደ ቤተ መቅደስ በወጣች ጊዜ፥ ቤተ ክርስቲያን በየካቲት 8 የምታስበው ማለት ነው፥ የቀረበው መሥዋዕት የወፍ ነበረ። የኦሪት ዘሌዋውያን ሕግ ለወለደች ሴት የአንድ ዓመት ጠቦት ያዝዛል፤ ጠቦት ለመግዛት ያልቻለች እንደ ሆነ ግን ሁለት ዋኖሶች ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች እንድታቀርብ ይፈቅዳል። ወንጌላዊው ሉቃስ የጻፈው ሁለተኛውን ነው። የነገሥታት ንጉሥ እናት በእግዚአብሔር ፊት የድሃ ስጦታ ይዛ ቆመች፤ አረጋዊው ስምዖንም ሕፃኑን በክንዱ ሲቀበል ወፎቹ ስንት እንደ ተገዙ አልጠየቀም።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ገና የሚለው ስም ራሱ በግሪክ ልደት ከሚለው ቃል የመጣ መሆኑን ሊቃውንት ይናገራሉ። በዓሉ በታኅሣሥ 29፥ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ በታኅሣሥ 28 ይውላል፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ የሚጾመው ጾመ ነቢያት በእርሱ ይፈታል። ጥንት የታወቀው ሌሊቱ ማኅሌት፥ ቀኑ የገና ጨዋታ፥ በየቤቱም ዳቦና ጠላ ነው፤ ስጦታ መለዋወጥ የበዓሉ ምልክት አልነበረም። ለአማት ማድረስ ይልቅ የበረታው በፋሲካ ነው። አክፋይ የሚባለው ልማድ በብዙ አገር ይታወቃል፤ ስሙ ከአክፍሎት ጾም ጋር ይያያዛል፤ ያገቡ ልጆች ለወላጆቻቸውና ለአማቶቻቸው፥ የክርስትና ልጆችም ለክርስትና እናትና አባታቸው ዳቦና መጠጥ የመሰለውን ለመፈሰኪያ ያደርሳሉ። በገና ወደ አማት ቤት የሚሄደው በልማድ ትእዛዝ ሳይሆን በልብ ፈቃድ ስለ ነበር እንደ ቤቱ አቅም የተለያየ ነበረ፤ ለዚህም ይመስላል የጥንቶቹ ሴቶች ብልሃት በእርሱ ላይ የታየው።

ወሩ ራሱ ይረዳ ነበር። ታኅሣሥ አውድማው ገና ያልተጠረገበት ወር ነው፤ ለድሃም ቤት ቢሆን አዲስ እህል አለ። ከጾሙ በኋላ አንድ ቅል ቅቤ፥ ጥቂት ዕንቍላል፥ በማጀት የተደቆሰ ድቁስ ከምንም ይበልጣል። የእጅ ሥራ ያላት ሴት ከመስከረም ጀምራ በአክርማና በስንደዶ ሙዳይ ወይም ሰፌድ ትሰፋለች፤ ስንደዶው በሜዳ የሚነቀል ነው፥ ገንዘብ የሚያስፈልገው ለማቅለሚያው ብቻ ነው። የምትፈትል ሴት ደግሞ ባዘቶውን ይዛ በእንዝርት ትቀመጣለች፤ የጥጡ ዋጋ ጥቂት ነው፥ ሌሊቱ ግን ብዙ ነው። አማቲቱ ነጠላውን ስትለብሰው ድርና ማጉ የማን ጣት እንዳለፈበት ታውቃለች፤ ስለዚህ ከሱቅ የመጣውን ለሳጥን፥ የምራቷን ለቅዳሴ የምታደርግ አማት በየደብሩ አትጠፋም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን ጧፍ ነው። ጧፍ ፈትልና ሰም ብቻ ነው። ምራቲቱ የፈተለችውን ፈትል ቀልጦ በተዘጋጀ ሰም ነክራ ትስበዋለች፥ ታደርቀዋለች፥ ትጠቀልለዋለች፤ የገና ሌሊት አማቲቱ በቤተ ክርስቲያን ቆማ ታበራዋለች። ስጦታው በአንድ ሌሊት ነድዶ ያልቃል፤ ሲያልቅ ግን በጸሎት መካከል ነው፥ የሰጪዋም ስም በዚያ ሰዓት በአረጋዊቱ ከንፈር ላይ ነው። ፑብሊክዮስ ሮማዊው ለድሃ ፊት ሲል በሕግ ያስወሰነውን ሻማ የኢትዮጵያ ሴቶች ያለ ሕግ ደርሰውበታል። ሌላም ደግ ልማድ አለ፤ አማቲቱ የተላከላትን ዕቃ ስትመልስ ባዶውን አትመልሰውም። ሰፌዱ እህል፥ ቅሉ ማር ወይም ቢያንስ ጥቂት ጨው ይዞ ይመለሳል። ለጋስ አማት በዚህ ጊዜ ምራቷን ልትበልጣት ባትሞክር መልካም ነው፤ ሁለት እጥፍ የሚመልስ እጅ በቸርነት ቢጀምርም አስቴርዮስ የነቀፈውን ትርፍ ቈጠራ ለሌላው ሊያስተምር ይችላልና።

የዛሬው የገና ስጦታ መልክ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ የመጣበትም መንገድ አጭር አይደለም። በዚያ አገር ለሕፃናት ይሰጥ የነበረው በዲሴምበር 6 በቅዱስ ኒቆላዎስ በዓል ነበረ፤ በተሐድሶ ዘመን በጀርመን አገር ወደ ልደት ተዛወረ። በ1843 ዓ.ም. በሎንዶን ሄንሪ ኮል የተባለ ሰው ለገና የሚላክ ሥዕል ያለበት ካርድ በሠዓሊው በሆርስሊ አሠርቶ አሳተመ፤ የአንዱም ዋጋ አንድ ሽልንግ ነበረ፥ ይህም ለሠራተኛ ሰው የሚቀመስ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ማተሚያው እየረከሰ፥ ሱቁ እየበዛ ሄደ። ወደ አዲስ አበባም ዛፉና ካርዱ በ20ኛው መቶ ዓመት ውስጥ ገብተው ተለመዱ። በራሱ ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን በመስተዋት ውስጥ የተደረደረ ዕቃ ዋጋው ተጽፎበት ስለሚታይ፥ የአምኃ ሁለተኛው ፍቺ የመጀመሪያውን መዋጥ ጀመረ። ዛሬ በአሜሪካ ያሉት ኢትዮጵያውያን የጎረቤቱን በዓል በዲሴምበር 25፥ የራሳቸውን በጃንዋሪ 7 ስለሚያከብሩ ጭንቀቱ እጥፍ ይሆንባቸዋል፤ በዐረብ አገር ተቀጥራ የምትሠራ ምራት ደግሞ ገንዘብ ልካ ራሷ መምጣት ያቅታታል። ስልክ ተደውሎላት አንድ ሰዓት ከልብ የተጫወተች አማት ገንዘቡን ለጎረቤት ሳትነግር ድምፁን ስትናገር ትሰማለች።

በኢትዮጵያ ከየአብያተ ክርስቲያናቱ በስተ ምሥራቅ በኩል አንዲት ትንሽ ቤት አለች። ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚጋገርባት ናት፤ ስሟም ቤተ ልሔም ነው። ከእርስዋ ማንም ባዶ እጁን ወደ መቅደስ አይገባም፤ ካህኑና ዲያቆኑ መሶበ ወርቁን ተሸፍኖ ይዘው፥ ቃጭል እየተመታ፥ ጧፍ እየበራ ያልፋሉ። በታኅሣሥ 29 ሌሊት በአጥሩ ሥር የቆሙት አረጋውያን ሴቶች ይህ ሲያልፍ ይሰግዳሉ።

በዚያች በመጀመሪያይቱ ቤተ ልሔም የሩት ልጅ ኢዮቤድ በተወለደ ጊዜ፥ አስቀድሞ በከተማው በር የተንጫጩት ሴቶች ተመልሰው መጡ። ለኑኃሚን ሰባት ወንዶች ልጆች ከሚሆኑላት ይልቅ ይህች ምራቷ እንደምትሻላት መሰከሩ። ሕፃኑንም ስም ያወጡለት እነርሱ ናቸው፤ ለሩት ተወለደ አላሉም፥ ለኑኃሚን ተወለደ አሉ። ኢዮቤድ እሴይን፥ እሴይም ዳዊትን ወለደ። ኑኃሚን ሕፃኑን አንሥታ በእቅፏ አኖረችው፥ ሞግዚትም ሆነችው፤ ከዚያ ወዲያ ማራ ብሎ የጠራት አልነበረም።